ስትፈራ የምትስቀው ረውዳ

የረውዳን ሞት የሰማነው በዒድ ማግስት ነው። ቡታጅራ ቤታችን በረንዳ ላይ እናቴ ፀሐይ እየሞቀች፣ እኔ አጠገቧ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ወሬውን ያመጣችው ጎረቤታችን ቆማ ነው የነገረችን። ረውዳ ለዒድ እንሴኖ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ጠዋት «ራሴን» ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች። ጎረቤታችን ይህን ከተናገረች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጨረሩ ነው አሉ። ስንት ጊዜ ተነግሯት ነበር።»

እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች። ከዚያ፣ «እንግዲህ እኔም አልመለስም» አለች።

ወዴት እንደማትመለስ ገባኝ። እናቴ የማህፀን በር ካንሰር ታማ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ጀምራ ነበር። ገና ግማሹን አልፋ ትንሽ እንደሄደች በዓሉ መጣ፤ ማሽኑ ስለማይሠራ ወደ ቤት መጣን። ሰኞ መመለስ ነበረብን። ሐኪሙ ሕክምናው መሃል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ጉልበት አግኝቶ ይነሳል ብሎ አስጠንቅቆናል። በየቀኑ እናቴን ማሽኑ ሥር የምታስተኛት ደግሞ ረውዳ ነበረች።

ረውዳን ያወቅኋት ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይታ ስትገባ ነው። ያኔ በከተማችን ራጅ ታነሳ ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ አክስቴ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ከሰው ጋር ማውራት አይሆንልኝም፤ ሰው ካየኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ረውዳ በተቃራኒው ከግድግዳም ጋር ታወራለች። ገና በገባች ሰሞን ውሃ ስቀዳ አግኝታኝ ሰላም ስትለኝ አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

«ድምፅሽን ለሠርግሽ ነው የምታስቀምጪው?» አለችኝ።

ሁለት ልማድ ነበራት። አንደኛው እጇን ማሞቅ ነው። ሰው ከመንካቷ በፊት መዳፎቿን ታፋትግና ብብቷ ሥር ትከታቸዋለች፤ በበጋም ቢሆን። «ብረት ላይ ነው የማስተኛቸው፤ እጄ እንኳ ይሙቅላቸው እንጂ» ትላለች። ሁለተኛው ከመንካቷ በፊት መናገር ነው። «አሁን እጄ ይመጣል» ትላለች። ይህ ነገር ስለለመደባት ሥራ ቦታ ብቻ አልቀረም። አንድ ቀን እናቴ እንቁላል የታቀፈችውን ዶሮ አንስታ እንድታይላት ላከቻትና ጎንበስ ብላ ዶሮዋን «አሁን እጄ ይመጣል» ስትላት ሰማናት።

«ዶሮዋ ምን አለችሽ?» አለች እናቴ።

«እሺ አለች፣ እማዬ። ከምሕረት ትሻላለች፤ እሷ እንኳ ትመልሳለች።»

ምሕረት እኔ ነኝ። እናቴ እስኪያስላት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ አፌን በነጠላ ሸፍኜ።

የረውዳ የራሷ ሳቅ ግን ሌላ ነገር ነበር። ስትደሰት ያን ያህል አትስቅም፤ ፈገግ ነው የምትለው። የምትስቀው ስትፈራ ነው። አባቷ በሞቱ ቀን ሳይቀር ሳቁ ይዟት ዘመድ ተቀይሟት እንደነበር ራሷ ነግራናለች። «እንባዬ የሚወጣበትን በር ተሳስቶ ነው» ትል ነበር።

አዲስ አበባ የጨረር ሕክምና ለመማር ዕድል ስታገኝ እናቷ እትዬ ከድጃ በገበያ ቀን ከእንሴኖ መጡ። በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ልብሳቸው ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይላል። እናቴ አጠገብ ቁጭ ብለው ልጃቸውን በጥያቄ ያዟት።

«ራጁ አይበቃሽም? እሱስ ጨረር አይደለም?»

«እማ፣ እኛ እኮ ማሽኑ ሲሠራ ውጭ ነን። በሩ ከኔ ወገብ ይወፍራል። በሽተኛው ብቻውን ይቀራል፤ እኛ በቴሌቪዥን እናየዋለን።»

«ብቻውን ትታችሁት?»

«አዎ።»

«እሱ ሰው አይደለም ማለት ነው?»

ረውዳ ሳቀች። ስትስቅ እንደፈራች ሁላችንም አወቅን። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ለሱ መድኃኒት ነው። አንቺ በርበሬ ስታስፈጪ አፍሽን ትሸፍኚ የለ? የሚበላው ሰውዬ ግን አይሸፍንም። ቀን ሙሉ ወፍጮው ጋ የምትውይው አንቺ ነሽ።»

«በርበሬ ማህፀን አይዘጋም» አሉ እትዬ ከድጃ።

ረውዳ ደረቷ ላይ የምታንጠለጥለውን፣ የጨረሩን መጠን የሚለካ ባጅ አውጥታ አሳየቻቸው። አገላብጠው አዩት። «ይቺ ትጠብቅሻለች?» «አትጠብቀኝም፣ ትናገርብኛለች።» እናቷ ባጇን መለሱላትና፣ «እኔ ዱዓ ከማድረግ በቀር ምን አቅም አለኝ» ብለው ተነሱ። ከዚያ በኋላ ረውዳ ከአዲስ አበባ በመጣች ቁጥር እትዬ ከድጃ ጸጉሯን በጣታቸው ይፈትሹ፣ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ደህና መሆኗን ካዩ በኋላ ነው ሰላምታ የሚሰጧት። ሥራዋ ምን እንደሚመስል ግን አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም፤ መስማት አይፈልጉም ነበር።

ትምህርቱ ከብዷት እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣችና ስፌት ማሽኔ አጠገብ ተቀምጣ ምንም ሳትናገር ጨርቅ ታጥፍ ጀመር። ዝም ስትል አይቼያት ስለማላውቅ ደነገጥሁ። ቆይታ ነገረችኝ። አንዲት ሴትዮ ለሕክምና ልብሳቸውን አውልቀው ሲተኙ፣ ረውዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ እጅ ልታስተካክላቸው ቀርባ ነበር። ፈራች፤ ሳቁ መጣ። ሴትዮዋ ገላቸውን አይታ የሳቀችባቸው መሰላቸው። ልብሳቸውን ሰብስበው ከአልጋው ወረዱ። በስንት ልመና ነው የተመለሱት። አስተማሪዋ ለብቻ ጠርታ፣ «ወይ ሳቅሽን ቤት ትተሽ ነይ፣ ወይ አንቺ ራስሽ ቤት ቅሪ» አለቻት።

«እውነቷን ነው» አለችኝ ረውዳ። «እዚያ የሚተኛ ሰው ከኔ በቀር ማን አለው? እኔ ከሳቅሁበት አለቀ።»

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በመጣች ቁጥር የአክስቴ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ትለማመድብኝ ጀመር። እኔ ሰው ፊት መብላት እንኳ የማፍር ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ እንቢ አልሁ። አቡጀዲ አለበሰችኝና፣ «የማያስፈልገኝን አልገልጥም። የሚያስፈልገኝንም ሳልነግርሽ አልገልጥም» አለች። እዚያ ሆስፒታል ከግድግዳው ቀጭን ቀይ ብርሃን ይወጣል፤ በሽተኛው በዚያ ብርሃን ነው የሚስተካከለው። እኛ ብርሃን ስለሌለን ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ቀይ ክር ወጠረች።

አክስቴ በር ላይ ቆማ፣ «ልጅቷን ልትቆርጫት ነው?» አለች።

«አይ እትዬ፣ ልሰፋት ነው።»

ሰው እንደማይጎተት ያየሁት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሥሬ ያለውን አንሶላ ቀስ አድርጋ ትስባለች፤ እኔ ሳላውቀው ወደ ክሩ እሄዳለሁ። ዳሌዬ ተንጋዶ ከሆነ ሁለት ጣቷን ብቻ ታሳርፋለች። ሳቁ ሲመጣባት የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ ስሜን ትጠራለች፤ «ወይዘሪት ምሕረት» ብላ፣ እንደማታውቀኝ ሰው። እኔው ነኝ የምስቀው። እሷ ግን ዘዴው እንደሠራላት ነገረችኝ። «የሰውን ስም በክብር እየጠራሽ መሳቅ አይቻልም። ሞክሪው፣ እንቢ ይልሻል።»

እናቴ ስትታመም ረውዳ ገና ተማሪ ነበረች። ወረፋው ረጅም ነው። እናቴ «ልጄ እዚያ ናት» ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ረውዳ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከችና፣ «እማዬ፣ ወረፋውን ላሳጥርልሽ አልችልም። ወላሂ፣ ብችልም ማንን ወደ ኋላ እንደምገፋ አላውቅም» አለቻት። እናቴ ተቀየመቻት። ለረጅም ጊዜ ስሟን አላነሳችም። ረውዳ ግን በየሳምንቱ ትደውላለች፤ እናቴ ስልኩን ለኔ ትሰጠኛለች፣ እኔ ደግሞ «እህ» ብቻ እላለሁ። እንዲህ እያልን ተራችን ደረሰ።

በመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ ጎን ቆማ ስታይ ረውዳ መጣች። እናቴ ጉራግኛ እንጂ አማርኛው ስለማይቀላጠፍላት፣ ላስተረጉምላት በሩ እስኪዘጋ ድረስ ውስጥ እንድቆይ ተፈቅዶልኝ ነበር።

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ እንደምን አደሩ?» አለች ረውዳ።

«ምነው፣ አታውቂኝም እንዴ?» አለች እናቴ።

ረውዳ ከንፈሯን ነከሰች። «አውቅሻለሁ፣ እማዬ። ለዚህ ነው የፈራሁት።»

እናቴ ያን ሰምታ ቂሟን ተወች መሰለኝ። ሰውነቷ ሲላላ አየሁት። ረውዳ እጆቿን ብብቷ ሥር አሞቀች። ከዚያ በማርከር መስመሮቹን አሰመረች፤ ከእምብርት በታች አንድ፣ በግራና በቀኝ ዳሌ ላይ አንዳንድ። ማሽኑ በየቀኑ ትክክለኛውን ቦታ የሚያገኘው በነዚያ መስመሮች ነውና እንዳይታጠቡ፣ ሎሽን፣ ክሬም፣ ቫዝሊን እንዳይቀባ አስጠነቀቀችን። ሌሎቹ ባለሙያዎች ለሁሉም በሽተኛ የሚሉትን ነው ያለችው፤ አንዱንም አላጎደለችም።

እናቴ ሎሽን በሕይወቷ ተቀብታ አታውቅም። የተቀባችው ቅቤ ነው። መርካቶ አጎቴ ቤት ነበር የተቀመጥነው፤ ከጉንችሬ ዘመድ የላከላትን ለጋ ቅቤ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛ መጥታለች። ቆዳዋ መጥቆርና ማቃጠል ሲጀምር እንደ አራስ ሴት ከእምብርቷ በታች ጥሩ አድርጋ አሸችው። እኛ ዘንድ ያመመው ገላ ቅቤ ካልጠጣ ምን ይጠጣል? በማግስቱ ረውዳ አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ ቆመች። አሸተተች።

«እማዬ፣ ቅቤ ነው?»

«ትንሽ ናት።»

መስመሩ ቀልጦ ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። የዚያን ቀን ሕክምና ቀረ፤ ቦታው እንደገና መለካት፣ መስመሩንም ረውዳ ደግማ ማስመር ነበረባት። አስተማሪዋ ተቆጣች፤ የተቆጣችው ግን ረውዳን ነው። እናቴ «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» እንድልላት በክንዷ ጎሸመችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ረውዳ ቀደመችኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ሎሽን አልኩ እንጂ ቅቤ አላልኩም። የጉራጌ ልጅ ሆኜ ቅቤን ረሳሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ከየትም ለመጣ በሽተኛ የምትናገረው ረዘመ። «ቅቤ አይቀባም። የኑግ ዘይት አይቀባም። ጥቁር አዝሙድ አይቀባም። የጸሎት ዘይትም ቢሆን ግንባር ላይ ይሁን፤ እዚህ አይሁን። ፈጣሪ ግንባር ላይ ያለውንም ያያል።» ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ይስቃሉ፤ ግን ማንም አይረሳውም። አስተማሪዋ ሌሎቹንም ተማሪዎች እንደሷ እንዲናገሩ አዘዘቻቸው ብላ እየኮራች ነገረችን። ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ነበር የቀራት።

ከዒድ በፊት በነበረው ቅዳሜና እሁድ ሦስታችን አብረን ቡታጅራ መጥተን ነበር። ሰው እናቴን ሊጠይቅ መጣ። አክስቴ ለእንግዶቹ በትልቁ ሳህን፣ ለእናቴ ደግሞ ለብቻዋ በትንሽ ሳህን አቀረበች። እናቴ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጨረር የገባበት ሰው ወደ ሌላው ያስተላልፋል የሚል ወሬ ከተማው ውስጥ ነበር። ረውዳ የኛን ሥጋ አትበላም፤ ስለዚህ አክስቴ ጎመን ክትፎና አይብ ለይታ አስቀምጣላት ነበር። እሷም ጎመኗን አንስታ ሄደችና እናቴ ሳህን ላይ ገለበጠችው፤ ከዚያ ከዚያው ሳህን ጎመኑን በቆጮ እየጠቀለለች ትበላ ጀመር።

«ጨረሩ አይጋባም» አለች አፏ እንደሞላ። «መብራት ነው። ሲጠፋ ጠፋ። መብራት በበራበት ክፍል የተቀመጠ ሰው ወደ ቤቱ መብራት ይዞ ይሄዳል እንዴ?»

አክስቴ አንገቷን ደፋች። ቆይታ ትንሹን ሳህን አነሳችና ሁሉንም ወደ ትልቁ ጨመረችው።

ይህች ናት የሞተችው።

እሁድ ለለቅሶ ወደ እንሴኖ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ተናግሬ የማላውቀውን ያህል ተናገርኩ። ራስ ውስጥ ያለ የደም ሥር ነው የፈነዳው ብለዋል ሐኪሞቹ፣ ጨረር አይደለም፣ ባጇም ምንም አላሳየም፣ ነገ ካልሄድን ያለፈው ሁሉ ከንቱ ይቀራል አልኳት። እናቴ መስኮቱን እያየች ሰማችኝ።

«ሐኪሞቹም እዚያው ናቸው የሚሠሩት» አለች። «የሠራችበት እሷ ከሞተች፣ ሥሩ የምተኛው እኔ ምን እሆናለሁ?»

ቀሪውን መንገድ እጇን ብቻ ያዝሁ።

ለቅሶው ቤት ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጓሮ የቁርአን ድምፅ ይሰማል። አጠገቤ ያሉት ያንኑ ያንሾካሽካሉ። «ልጅ እንኳ ሳትወልድ።» «እንቢ አለች እንጂ እናትየዋ ነግረዋት ነበር።» እትዬ ከድጃ ይሰማሉ። እናቴን ሲያዩ ግን ተነሱ። እጇን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧት። እናቴ ደካማ ስለሆነች እኔም ደግፌያት ገባሁ።

«እሷ የምታክምሽ አንቺ ነሽ አይደል?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ጨረሩ ነው የገደላት ይሉኛል። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህቴ።»

«ፈርተሻል።»

«ፈርቻለሁ» አለች እናቴ። «ከእንግዲህ አልሄድም ብያለሁ።»

እትዬ ከድጃ በቆሎ የተሞላ ኬሻ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ደርቋል። «እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ፈርቼላት ኖርኩ» አሉ። «ጥፍሯን አየሁ፣ ጸጉሯን አየሁ። ሥራዋን ግን አንድ ቀን አላየሁም። ምን ነበር የምታደርገው?»

እናቴ ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ቃሉ ጠፋባት። ወደ እኔ ዞረች። የማወራ መስሏት አይደለም። «በሩን ዝጊው» አለችኝ።

እናቴ በሰው ፊት እግሯን እንኳ የማታጥብ ሴት ናት። ቀሚሷን ወደ ላይ ሰበሰበች። ከጥቁረቱ መሃል ሦስቱም መስመሮች አሉ። እትዬ ከድጃ ከኬሻው ወርደው ተንበረከኩ፤ በመስኮቱ ብርሃን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«በግራ እጇ ነው ያሰመረችው?»

«በግራዋ ነው» አልኩ እኔ።

«ልጅ ሳለች ግራ እጇን በሻሽ እየጠቀለልኩ አስረው ነበር። በቀኝሽ ብዪ፣ በቀኝሽ ጻፊ እያልኩ።» እንደገና ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ፣ «ቀጥ ብሏል» አሉ።

ጣታቸውን ዘረጉ። ሊነኩት ሲሉ ተዉት።

«በውሃ ይለቃል?»

«በላብም ይለቃል» አለች እናቴ።

እትዬ ከድጃ የእናቴን ቀሚስ በራሳቸው እጅ ወደ ታች መለሱ፤ ጫፉን አስተካከሉ። እንባቸው ያኔ ነው የመጣው። «እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ። «ሳይለቅ ሂጂ።»

በሩን ስከፍት ሴቶቹ ቀና ብለው አዩን። እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ነጠላዋን አስተካከለችና የመጨረሻው መኪና መቼ እንደሚወጣ ጮክ ብላ ጠየቀች።

ሰኞ ሆስፒታሉ ውስጥ እናቴን የተቀበለቻት ከረውዳ ጋር ትማር የነበረች ልጅ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ እኛ የሷን፣ እሷም የኛን ዓይን አየች። እናቴ ተኛች። ልጅቷ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ መስመሩ በመንገዱ ላብ እንደደበዘዘ አየች። ማርከር አወጣች።

«አዲስ ልትሠሪ ነው?» አለች እናቴ፤ እኔ አስተረጎምኩላት።

«አይደለም፣ እማማ። የነበረው ላይ ነው የምሄደው። ከሱ ፈቀቅ ካልኩ ጨረሩ ሌላ ቦታ ይመታል።»

ማርከሩን ከፈተችና ወደ መስመሩ አስጠጋችው። መልሳ ክዳኑን ደፋችበት። አስተማሪዋ ከኋላ ቆማ ታያለች። እናቴ ጣሪያውን እያየች፣ ማንም ሳያስተረጉምላት በራሷ አማርኛ፣ «አይቸኩልሽ ልጄ» አለቻት። «ጊዜ አለኝ። ቀስ ብለሽ ሂጂበት።»